እጃችንን የሞቅንበት ምድጃ

የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ ጡረታ መውጣት ግድ ከሆነ እኔ ገና ብዙ ይቀረኛል። የተቀየረው ሥራዬ ነው። በአዊ ዞን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ አሁን እንጅባራ ላይ ያንኑ ሙያ አስተምራለሁ። ነጩ ጋዋን ያው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ግን የሰሌዳ ማርከር ሆኗል። ደመወዙም ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው ቁጭ ማለት አለመቻሌ ነው። ድሮ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጬ የምውለው ሰው ዛሬ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ እባክዎ ትንሽ ይረፉ፤ አንገታችንን አመመን» ብሎ ክፍሉን አስቆታል።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋችኝ ግን አንዲት ሌላ ተማሪ ናት። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሊወጡ ሲዘጋጁ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሱፐርቪዥን የመጣብን ዕለት ምን እናድርግ?» አለች። አጠያየቋ በረዶ እንደሚመጣ የሰማ ገበሬ አጠያየቅ ነበር። እኔም እንደ መምህር ወግ ትርጉሙን ሰጠኋት። ሱፐርቪዥን ማለት የተሻለ ልምድ ያለው ባለሙያ በሥራ ላይ ያለውን ባለሙያ ቀርቦ የሚያይበት፣ የሚያግዝበትና የሚያርምበት መንገድ ነው አልኋት። ጻፈችው። ሁሉም ጻፉት። ከክፍል ስወጣ ግን ውስጤን ከነከነኝ። መልሴ ስህተት የለበትም፤ ፈንታነሽ የምትባለውን የሙያ ጓደኛዬን ግን ከደረሰባት ነገር አያድናትም ነበር። ስለዚህ ለተማሪዬም፣ ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ለሚሠሩ የሙያ ጓደኞቼም መልሱን እንደገና ልስጥ። በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብሁት በጫግኒ በኩል ባለ አንድ ቆላማ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ወባ እንግዳ አይደለችም፣ ቤተኛ ናት። በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ከጧት ጀምሮ ይሞላል። በሰፈራ የመጡት ቤተሰቦች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ጎን ለጎን ይንቀጠቀጣሉ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ እንየው ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አገውኛውንም አማርኛውንም በዝግታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ምስክር ወረቀቴን ላሳያቸው ቦርሳዬን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ከኮሌጅ ነው የመጣኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ፣ የምታውቀውን አትንገረኝ። እጅህ የሚያውቀውን አሳየኝ።»

ይህቺ «አሳየኝ» የምትባል ቃል የጋሽ እንየው መሣሪያ ነበረች። ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው አይጠይቁም። ሰው ሲጠየቅ መጽሐፉን ይናገራል፣ ሲሠራ ግን ራሱን ይናገራል ይሉ ነበር። አጠገቤ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፤ ደረታቸው ኪስ ውስጥ ባለችው ንጹሕ ጨርቅ የማይክሮስኮፑን ዓይን ቀስ አድርገው ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው እጄን ያያሉ። እኔ ስላይዱን አይቼ ውጤቱን ሳልናገር በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አይተው ይጽፋሉ። ወረቀቶቹን እኩል እንገልጣለን። የማንስማማ ከሆነ መጀመሪያ ደግመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። «የኔ ዓይን ያረጀ ነው፤ ከኔ እንጀምር» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም የሳቱት እሳቸው ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ምንም ሳይከፋቸው፣ «ይኸው፣ ዛሬ አስተማርኸኝ» ብለው ይስቃሉ። እኔ ስስት ግን ሳቅ የለም፤ እንደገና «አሳየኝ» ነው።

ምሳ የምንበላው እዚያው ጓሮ ነበር። ከደጋ ዘመዶቻቸው የሚላክላቸውን ድንች ቀቅለው ያመጣሉ፤ ሚጥሚጣ እያስነካን እንበላለን። ብዙ የተማርሁት በዚያ ሰዓት ነው። ሰው አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች ይዞ ትልቅ ትልቅ ቃል መናገር አይችልም፤ የከበደውን ነገር በቀላሉ ያወጣዋል።

አንባቢዬ ሁሉ የላቦራቶሪ ሰው ስላልሆነ አንድ ነገር ላስረዳ። ለወባ ምርመራ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ ወፈር ተደርጎ ይደረጋል። በደሙ ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ቢሆን እንኳ የሚገኘው በዚህ ወፍራም ጠብታ ነው። ጠብታው በአየር፣ በራሱ ጊዜ መድረቅ አለበት። ከዚያ ጊምሳ በሚባለው ማቅለሚያ ውስጥ ሲቆይ የደሙ ቅላት ታጥቦ ይወጣና ተውሳኩ በጠራ መስክ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በቆላው ሙቀት ስላይዱ ዘወር ብላችሁ እስክትመለሱ ይደርቃል። ማድረቅ የሚባል ሥራ መኖሩን እንኳ ማናችንም አስበነው አናውቅም። ጋሽ እንየው ለብዙ ወጣቶች ብዙ ነገር አሳይተዋል፤ ስላይድ እንዴት እንደሚደርቅ ግን ለማንም ማሳየት አላስፈለጋቸውም። ፀሐይዋ ትሠራላቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ እንየው ወደ ደጋ፣ ወደ አንድ ከተማ ሆስፒታል ተዛወሩ። እኔም ተከተልኋቸው። በዙሪያው ያሉ የገጠር ላቦራቶሪዎችን የመደገፍ ሥራም ለእሳቸው ተሰጠ፤ እኔን ረዳት አደረጉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን በርጩማቸውን በየጤና ጣቢያው የምንዘረጋው መስሎኝ ነበር።

እንዳሰብሁት አልሆነም። መኪናው አንድ ነው፤ የምንሄደው ከመድኃኒት ክፍሉ፣ ከእናቶችና ሕፃናት ክፍሉ፣ ከፋይናንሱ ሰው ጋር ተጫጭነን ነው። በአንድ ቀን ብዙ ጣቢያ መዳረስ አለበት። እጃችን ላይ የሚሰጠን የማረጋገጫ ቅጽ «አለ» እና «የለም» የሚል ነው። ማይክሮስኮፕ አለ? አለ። ጓንት አለ? አለ። መዝገቡ ተሞልቷል? ተሞልቷል። እጅ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ መስመር የለውም። ጋሽ እንየው መጀመሪያ ሰሞን ታገሉ። ለአንድ ጣቢያ አንድ ሙሉ ቀን ይሰጠኝ አሉ። የቡድኑ አስተባባሪ አቶ ይበልጣል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ጋሽ እንየው፣ እኔም ብችል እሰጥዎት ነበር፤ ነዳጁ ግን እኔን አይሰማም» አሏቸው። እሳቸውም እያደር ዝም አሉ። ዝምታቸው ያስጨንቀኝ ነበር፤ ግን እኔም ቅጹን መሙላት ለመድሁ። የፈጠንሁም መሰለኝ።

ፈንታነሽ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። ከእኔ ፊት ተቀምጣ ጥያቄ የምታበዛ፣ መምህራን ሲያዩዋት ሰዓታቸውን የሚመለከቱባት ልጅ ነበረች። የተመደበችው ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ባለ አንድ ብርዳም ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጽፍም። በዚያ አገር ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ ስለዚህ ከሰል እንደ ልብ ነው። ብርዱም እንደ ልብ ነው። በክረምት ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ፈንታነሽ በዚያ ላቦራቶሪ ብቻዋን ነበረች። በሙያዋ የሚያናግራት ሰው በአካባቢው የለም።

አንድ የሐምሌ ቀን ቡድኑ እሷ ዘንድ ደረሰ። ከመኪናው ስንወርድ ጥርሳችን ይንገጫገጫል።

«እናንተየ! ሰው መጣ በሉኝ!» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ላቦራቶሪው ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ ፍም ሞልቶበት ቆሟል፤ በላዩ የሽቦ ወንፊት ተጋድሟል። ሁላችንም ወደ ምድጃው ተጠጋን። እጃችንን ዘረጋን። አቶ ይበልጣል መዳፋቸውን እያፋተጉ፣ «ኧረ ይቺን ላቦራቶሪ ወደ ወረዳ ማዛወር ነው! አንች ልጅ፣ ገነት ውስጥ ነው የምትሠሪው» አሉ። ተሳሳቅን። እኔ ቆሜ ቅጹን ሞላሁ። አለ፣ አለ፣ አለ፣ ተሞልቷል።

ጋሽ እንየው ጨርቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ማይክሮስኮፑ ሲጠጉ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ጋሽ እንየው፣ ወንዙ ሳይሞላብን» አሉ አቶ ይበልጣል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢቆዩ» አለች ፈንታነሽ። «ስላይዴ አይጠራልኝም። ኮሌጅ እንዳየነው አይሆንልኝም። ጭቃ ጭቃ ይላል።»

ጋሽ እንየው በሩን አዩ፤ እሷን አዩ። «ማቅለሚያው አርጅቶብሽ ይሆናል። አዲስ እልክልሻለሁ። በሚቀጥለው ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

ወጣን። ቃላቸውን አላጠፉም፤ አዲስ ማቅለሚያ ላኩላት። ጣቢያው በዚያ ዙር «በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት አገኘ።

ጥቅምት ላይ ዘውዱ የሚባል ወጣት ገበሬ ከቆላ ተመለሰ። የደጋ ሰው በመኸር ወራት ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሲመለስ ትኩሳት ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ፈንታነሽም ታውቃለች። ደሙን መረመረችው፤ ወባ የለም። በሁለተኛው ቀን ባለቤቱ ጥሩዓለም ደግፋ አመጣችው፤ እንደገና መረመረችው፤ የለም። በጣት ደም ወዲያው ውጤት የሚያሳየው ፈጣኑ መመርመሪያ በዚያ ሰሞን አልቆ ነበር። ስለዚህ በላቦራቶሪው ቃል ታመነ፤ የተስቦ መድኃኒት ተሰጠው። በአራተኛው ቀን ራሱን ስቶ በቃሬዛ መኪና መንገድ ድረስ ወረደ፤ ከዚያ በባጃጅ እኛ ሆስፒታል ገባ። ደሙን የመረመርሁት እኔ ነኝ። ተውሳኩ መስኩ ላይ ሰሊጥ እንደተበተነ ነበር። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉለት። አልተረፈም።

ጥሩዓለም የላቦራቶሪው መስኮት ላይ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም። «እዚያ የለብህም አሉት። እዚህ አለብህ አሉት። ደሙ መንገድ ላይ ተለወጠ?» አለችኝ።

ፈንታነሽ ወዲያው ከላቦራቶሪው ተነሥታ ካርድ ክፍል ተቀመጠች። ጉዳዩ በኮሚቴ ሊታይ ነበር፤ ከሙያው ትባረራለች የሚል ወሬ ነበር። ጋሽ እንየው መኪና አልጠየቁም። «ና እንሂድ» አሉኝ። በሚኒባስ እስከ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ቀኑ ዝናብ ባይኖረውም ጉም ነበረው።

ፈንታነሽ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። ስታየን ተነሣች፤ ግን ወደ እኛ አልመጣችም።

«ለኮሚቴው ልትጠይቁኝ ነው?» አለች።

«አይደለም» አሉ ጋሽ እንየው። «ደም እንድትሠሪልኝ ነው። የኔን ውሰጂ፤ አሳዪኝ።»

ላቦራቶሪውን አስከፈትን። ጽዳት የምትሠራው ሴት እንደ ወትሮው ምድጃውን በፍም ሞልታ አመጣችው። ፈንታነሽ የጋሽ እንየውን ጣት ጠርጋ ወጋች። ጠብታውን በስላይዱ ላይ አደረገች፤ በሌላ ስላይድ ጫፍ ዙሪያውን አሽከርክራ በሚገባ አሰፋችው። እንከን የለውም። ከዚያም ምንም ሳታስብ፣ እኛ በራችንን እንደምንዘጋው ሁሉ፣ ስላይዱን ፍሙ ላይ ወዳለው ሽቦ ወሰደችና አጋደመችው።

ጋሽ እንየው ምድጃውን አዩት። እጃቸውን ከሽቦው በላይ ዘርግተው ሙቀቱን ለኩ። ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ይታየኛል።

«አንድ ሌላ ሥሪልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለተኛውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተዪው፤ በራሱ ይድረቅ።»

ሁለተኛው ስላይድ እስኪደርቅ ቁጭ አልን። በዚያ ብርድና እርጥበት ረጅም ጊዜ ነው። ጋሽ እንየው ድንቻቸውን ከፌስታል አውጥተው አካፈሉን፤ ፈንታነሽ በእጇ ይዛው ቆየች እንጂ አልበላችውም። ሁለቱንም አቀለምናቸው። በአየር የደረቀው ጠርቶ ወጣ። ሽቦው ላይ የደረቀው እንደ ሸክላ ቀልቶ ቀረ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጭቃ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ወፍራሙ ጠብታ በእሳት ሲሞቅ ደሙ መስታወቱ ላይ እንደ እንቁላል ይረጋል። የረጋ ደም ደግሞ ቅላቱ አይታጠብም። ተውሳኩ ቢኖርም በዚያ ቅላት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ማቅለሚያው አዲስም ይሁን አሮጌ፣ የሚያየው ዓይን የተማረም ይሁን ያልተማረ ለውጥ የለውም። ይህን ስህተት የቆላ ሰው አይሠራውም፤ እሳት አያስፈልገውም። ከሰል የሌለበት ደጋም አይሠራውም። የሚሠራው ብርድና ከሰል በአንድ ላይ የሞላበት፣ አጠገቡ ደግሞ የሚያየው ሰው የሌለበት ባለሙያ ነው።

«ስመጣ ምድጃው እዚሁ ነበር» አለች ፈንታነሽ። «ሽቦውም እዚሁ ነበር፤ ከኔ በፊት የነበረው ትቶት ነው የሄደው። ስላይዱ አይደርቅም ጋሼ፤ ሰዉ ደግሞ ወንዝ ሳይሞላብን ልቀቂን ይላል። ልጅ ቤት ትተው ነው የሚመጡት። ቶሎ እንዲሄዱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ጠይቀሽኛል» አሉ። «አሳዪኝ ማለት ሲገባኝ ማቅለሚያ ላክሁልሽ።»

እዚያው ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ይበልጣል ነበሩ። ጋሽ እንየው በባለሙያነት ተጠርተው ነበር፤ እኔ ወረቀት ያዥ ሆኜ ገባሁ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ አቶ ይበልጣል። «ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ መረመረች፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።»

«ባለፈው ክረምት ለዚያች ክፍል ምን ውጤት ሰጠናት?» አሉ ጋሽ እንየው።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ምን ሰጠናት?»

አቶ ይበልጣል የፊታቸውን ወረቀት ገለጡ። «በጣም ጥሩ።»

«እንግዲያው ልንገራችሁ። በዚያ ምድጃ እርስዎም ሞቀዋል፣ እኔም ሞቄያለሁ። እሷን ስላይድ በእሳት መድረቅ እንደሌለበት ያሳያት የለም። እኔ ግን አውቃለሁ። የሚያውቀው ሰው እዚያ ቤት ገባ፣ እጁን ሞቀ፣ ወጣ። ቅጣት ካለ ከሚያውቀው ይጀመር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጡረታዎ ደርሷል» አላቸው ከአባላቱ አንዱ፣ ሊያበርድ ፈልጎ። «ምን አጣደፈዎት?»

«እሱን ነው የምልህ። እኔ ልሄድ ነው፤ የምትቀረው እሷ ናት። ዛሬ ብታባርሯት ነገ በቦታዋ የሚመጣውም ይበርደዋል።»

ፈንታነሽ አልተባረረችም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ማስጠንቀቂያው ላይ አጠራጣሪ ውጤት ሳታረጋግጥ እንዳትሰጥ የሚል መስመር ነበረበት። ያቺ መስመር ቀላል ትመስላለች። ለፈንታነሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ሁሉም ውጤት አጠራጣሪ ሆነባት። ምድጃው ከክፍሉ ወጥቷል፤ ስላይዶቿ ጠርተዋል፤ እጇ እንደ ድሮው ትክክል ነው። እሷ ግን አንዱንም ውጤት በራሷ መናገር አልቻለችም። እያንዳንዱን ስላይድ ጠቅልላ በባጃጅና በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች፤ የውጤቱን ቦታ ባዶ ትተዋለች። መልሱ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ትኩሳት ያለበት ሰው እስከዚያ ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ዘውዱን የገደለው መዘግየት በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

ጋሽ እንየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቀን ባገኙ ቁጥር በእግራቸው ሄዱላት። ከወጡ በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እኔ ልተካቸው ጠየቅሁ፤ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቡድኑ ጋር፣ በዚያው መኪና ተባልሁ። ያን ጊዜ ነው ወንበሬ የቆረቆረኝ። በሌሎቹ ጣቢያዎች ምን ዓይነት ምድጃ እንዳለ ማን ያውቃል? ምናልባት ምድጃ ላይሆን ይችላል፤ የዝናብ ውኃ፣ የታጠፈ መርፌ፣ የተሳሳተ ብልቃጥ ሊሆን ይችላል። እጅ ካልታየ አይታወቅም። መምህር ለመሆን ያመለከትሁት ለዚህ ነው። መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ጣቢያ ውስጥ ለሳምንታት መቆየት ይፈቀድለታል፤ ተቆጣጣሪ ግን አይፈቀድለትም። ነገሩ ያስቃል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

የመጀመሪያ ተማሪዎቼን ይዤ የሄድሁት ፈንታነሽ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ከማይክሮስኮፑ ራቀች።

«አንተ አሳያቸው። እኔ ማስጠንቀቂያ ያለብኝ ሰው ነኝ።»

«እኔ እዚህ አገር ስላይድ ማድረቅ አልችልም» አልኋት። እውነቴን ነበር። በእሳት ፈንታ የትኛው መስኮት እንደሚሻል፣ ጠብታው ምን ያህል ቢሳሳ ቶሎ እንደሚደርቅ የምታውቀው እሷ ናት። ከወንዝ ማዶ የሚመጡት ጧት ቅድሚያ ተሰጥቷቸው እንዲመረመሩ ከዘበኛው ጋር የተስማማችውም እሷ ናት። ስለዚህ አሳየቻቸው። እኔ በርጩማ ስቤ ዝም አልሁ። ለእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ተማሪ ውጤት ሲስት፣ «ደግመህ እይ! ይሄ ቆሻሻ ነው እንጂ ወባ አይደለም» ብላ ስትቆጣው ሰማሁ። ከሄድን በኋላ ግን ስላይዶቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ። አሁን የሚደርሱት እኔ የማስተምርበት ቦታ ነው፤ የውጤቱ ቦታ ግን እንደ ወትሮው ባዶ ነው። ወራት እንዲህ አለፉ። እኔም ተመላለስሁ፤ አንዳንዴ ከተማሪዎች ጋር፣ አንዳንዴ ብቻዬን።

ተማሪዬ ሆይ፣ እንግዲህ መልሴን ላርመው። ሱፐርቪዥን ማለት የሚቆይ፣ እጅ የሚያይ፣ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጉብኝት ነው። ሲመጡብሽ ቁም ሳጥንሽን አታሳዪያቸው፤ ያልሆነልሽን ሥራ አውጪና ፊታቸው ሥሪው። ቢቸኩሉ በር ላይ ቁሚባቸው።

ባለፈው ሳምንት የሚኒባስ ረዳት አንድ ስላይድ አመጣልኝ። ወረቀቱን ስፈታ ቆምሁ። ባዶ አልነበረም። በፈንታነሽ ጽሕፈት፣ ደብዛዛ ባልሆነ ቀለም፣ «ወባ አለ» ይላል፤ ዓይነቱም ተጽፏል። ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግሁት። ልክ ናት። ወደ ግቢው ሮጬ ኔትወርክ ፈለግሁና ደወልሁላት።

«ፈንታ! ስላይዱን አየሁት።»

«እሺ?»

«እንዳልሽው ነው። በቶሎ ሰው ልከሽ ታማሚውን አስጠሪው…»

«የምን ማስጠራት ነው? ትናንትና መድኃኒቱን ወስዶ ቤቱ ገብቷል። ይሄኔ ሚስቱን እየጨቀጨቀ ይሆናል።»

«የኔን መልስ ሳትጠብቂ?»

«አንተን ስጠብቅ ሰው ይሙት?»

ቆም አልሁ። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ እንደነበር ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

«ታዲያ ስላይዱን ለምን ላክሽልኝ?»

«ለተማሪዎችህ ነዋ! እንዴት እንደጠራ አላየህም? ይዩት። ደግሞ ማን እንደሠራው ንገራቸው።»

ነገርኋቸው።